እልልታ የሚያደነቁረው ካሜራ

የዛሬ አምስት ዓመት በወርኃ ጥር፣ ከአቸፈሯ ዱርቤቴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገጠር ዘመድ ሲድር ካሜራ ያዡ እኔ ነበርኩ። ሙሽሮቹ የልጅቱን አባት ጉልበት ስመው ቀና አሉ። አባት መረቁ። ምርቃቱን ሲጨርሱ ማንም ያልጠበቀውን ስጦታ ጨመሩ፤ «ላሚቱንም ከነ…» አሉና ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ከነምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልለየም። የሙሽራው ወገን «ከነጥጃዋ ነው ያሉት» ይላል። የሙሽሪት ወንድም ደግሞ «ከነገመዷ ነው» ባይ ነው። ሰውየውን ጠይቆ መገላገል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አማች አማቱን «ምን ነበር የሰጡኝ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ቪዲዮውን ሊያዩ እኔ ቤት መጡ።

ምስሉ ጥርት ያለ ነው። የሽማግሌው የከዘራ እጀታ፣ ትከሻቸው ላይ ያረፈችው ዝንብ እንኳ ሳትቀር ትታያለች። ድምፁ ግን «ላሚቱንም ከነ» ብሎ በእልልታ ይዋጣል፤ ከዚያ ሦስት አራት ሰከንድ ጭር ይላል፤ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ እየተንሿሿ ይመለሳል። ከንፈራቸውን አይተን እንፍረድ ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ገመድ ውስጥ «መ» አለች፣ እሷ ደግሞ ከንፈር ሳይገጥም አትወጣም። ሽማግሌው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር የተናገሩት።

ከዚያ ወዲህ «ለቤተሰብ የሚሆን፣ የማያስቸግር ካሜራ የቱ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ጥያቄ ሆኗል፤ ይሰማል ወይስ ያያል ብቻ?

መቼም የታወቀውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። ባትሪው የሚነቀል ይሁንና ትርፍ ባትሪ ይኑረው፤ መብራት በድግስ ቀን መጥፋት ይወዳል። 32 ጊጋባይት ካርድ በደኅና ጥራት አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ክብደቱ እጅ የማያዝል ይሁን። በቃ።

«ስልክ እያለ ምን ካሜራ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ስልክን አልንቅም፤ ለአጭር ነገር ከካሜራ ይበልጣል። ግን ጥሎሹ በሚቆጠርበት ሰዓት ይጠራል፣ ሙሽራው ሲገባ «ቦታ ሞልቷል» ይላል፣ ማታ ደግሞ ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል። የፎቶ ካሜራም መፍትሔ አይደለም። ቆየት ያሉት ብዙዎቹ የፎቶ ካሜራዎች ሠላሳ ደቂቃ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ቀረጻውን ያቆማሉ። ምክንያቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነበር፤ ሠላሳ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀዳ ዕቃ በቪዲዮ ካሜራ ተራ ገብቶ የበለጠ ይቀረጥ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ማሽኑን አፉን አስያዙት። የብራስልስ ቀረጥ የአቸፈርን ሰርግ መሀል ላይ ሲያቋርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ፣ እጅ የሚሾልክበት ማሰሪያ ያለው፣ በጎኑ መስኮት የሚከፍት ካሜራ ይህ ጣጣ የለበትም። ዛሬ ሰው ጊዜ ያለፈበት አድርጎ ስለሚያየው ያሳዝነኛል።

ቀላልነት ከተነሣ ከፍሊፕ የተሻለ አላየሁም። ፍሊፕ አልትራ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣች፣ ኪስ የምትገባ አሜሪካዊት ናት። ጀርባዋ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አላት፤ ሲጫኑት ትቀዳለች፣ ደግመው ሲጫኑት ታቆማለች። ጉልበቷ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ማንኛውም ሱቅ የማያጣው። ሲስኮ የሚባለው ኩባንያ የሠራትን ድርጅት በ2009 በ590 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዝቶ በ2011 ፍሊፕን ዘጋት። አክስቴ ጋ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣች አንዷ አሁንም ትሠራለች። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የልጅ ልጆቿን ክርስትና ግን የምትቀርጸው ራሷ ናት። «ቀዩን መጫን ነው እንጂ ልጄ፣ ሌላ ምን አለው?» ትለኛለች።

የተማርነው ግን ቀዩን ሁለቴ እንጫናለን። አንዴ ተጭነን «ይዞ ይሆን?» ብለን እንጠራጠርና እንደግመዋለን። ከዚያ ካሜራው በተቃራኒው ይውላል፤ ሙሽራ ሲመጣ ይተኛል፣ ስንራመድ ይነቃል። በዚህ አካባቢ የተቀረጹ የሰርግ ካሴቶችን ያየ ሰው የሙሽሮቹን ፊት ባያውቅ የአጃቢዎቹን ጫማ ያውቃል። መስኮቱ ላይ ቀይ ነጥብ ካለች ይዟል ማለት ነው፤ እመኑት።

ሌላው ክፉ ልማድ ዙም ነው። ሰው ካሜራ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሶኒ ሲኤክስ405 በተባለው ትንሽ ካሜራ ላይ 350 የሚል ቁጥር ይነገራል። ሌንሱ በእውነት የሚያቀርበው 30 ጊዜ ነው፤ የቀረው ምስሉን ቆርጦ ማሳበጥ ነው። ደግሞስ ማንን ልናቀርብ ነው? እኔ ድግስ ቤት ስገባ ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ እግሬ ሥር ጋን ተቀምጦ፣ ሞሰብና አሥራ አምስት ሰው ፊቴ ላይ ነው። የምፈልገው የሚያርቅልኝን ነው። የዚያ የሶኒ ካሜራ እውነተኛ ሙያ 26.8 ሚሊሜትር የምትለዋ ቁጥር ናት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዓይኑ ይሰፋል፣ ጥጉ የተቀመጠችው አያት ሳትቆረጥ ትገባለች። ሻጩ ግን ይህችን ቁጥር አይጠራም።

አሁን ወደ ጆሮው ልመለስ።

እያንዳንዱ የቤተሰብ ካሜራ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ራሱ የሚመጥን ነገር አለ። አውቶማቲክ ጌይን ኮንትሮል ይባላል፤ እኔ በረኛው እለዋለሁ። ድምፅ ሲያንስ በሩን ወለል ያደርጋል፣ ሲበረታ ገርበብ ያደርጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጩኸት ሲመጣ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ፣ ሹክሹክታም እንዳይቀር ነው። ጠባዩ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ለመዝጋት ፈጣን፣ ለመክፈት ዳተኛ ነው። ጩኸቱ ካለፈ በኋላም «ይደገም ይሆናል» ብሎ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ መሀል በለሆሳስ የተነገረ ሁሉ ደጅ ይቀራል። በመጨረሻ ሲከፍት ደግሞ አየሩን ሁሉ ይዞ ይገባል፤ ያ ካፊያ የሚመስለው ድምፅ እሱ ነው።

የኛ ድግስ ደግሞ ይህን በረኛ ለማሳበድ ተብሎ የታቀደ ይመስላል። ሽማግሌ ዝግ ባለ ድምፅ ይመርቃል፣ ቤቱ በአንድ አፍ «አሜን!» ይላል፣ እልልታ ይከተላል፣ ሽማግሌው ቀጣዩን ምርቃት ዝግ ባለ ድምፅ ይጀምራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርቃት ፊተኛዋ ቃል ትጎድላለች። «ውለዱ ክበዱ» ከተባለው «ክበዱ» ብቻ ይተርፋል። እልልታ ከሴቶች ጉሮሮ የሚወጣ ቀጭንና ስል ድምፅ ነው፤ ካሜራ ያዡም ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሴቶቹ መሀል ነው። አንዲት እናት ጆሮዬ ሥር እልል ስትል እኔም እንደ ካሜራው ለአፍታ እደነቁራለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ከተናጋሪው የምንርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ዙም ይህን አይክስም፤ ሰውየውን በዓይን ስናቀርበው ድምፁ እዚያው በርቀቱ ይቀራል። ለማይኩ ከሁሉ የቀረበው ሰው ማን ነው? ካሜራ ያዡ። ከቀረጻዎቼ በአንዱ መሪጌታ ቅኔ ሲዘርፉ ጎልቶ የሚሰማው እኔ ቆሎ ስቆረጥም ነው። ቅኔ ደግሞ አንዲት ፊደል ስትጠብቅ ወይም ስትላላ ወርቁ የሚሰወር ነገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት በጎጃም ምድር ምስሉን ይዞ ቃሉን የጣለ ካሜራ ሞሰቡን ይዞ እንጀራውን እንደረሳ አሳላፊ ነው።

ድምፅ ብቻውን ምን እንደሚችል የሚጠራጠር ወደ ማንኩሳ ይሂድ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ የምታልፏት ከተማ ናት። ታሪኩ እዚያ የሚጀምረው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፤ ብዙ ሰው ግን ጉዱ ካሣን የሚያውቀው ካነበበው ገጽ ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሰማው ነው። አንዳችም ምስል አልነበረውም። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ግን ዛሬም ጆሯችን ውስጥ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚሻለው ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ካሜራ ማግኘትና ማይኩን ወደ ሽማግሌው ማስጠጋት ነው። ትንሿን የደረት ማይክ ጋቢ ላይ አታድርጓት፤ ሽማግሌ ጋቢውን ባጣፋ ቁጥር የሚሰማው የጥጥ መፋተግ ነው። እኔ አንዴ ብልጥ ነኝ ብዬ የዳሱ ባላ ላይ አሰርኳት፤ ጭፈራው ሲጀመር ባላው የእግር ድለቃውን ሁሉ ወደ ማይኩ ወሰደው። አሁን የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ነው የማደርጋት፣ ያውም አስፈቅጄ።

ቀዳዳ የሌለው ካሜራ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ስልኩን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጎ፣ ጥሪ እንዳይገባ ዘግቶ፣ በሽማግሌው የደረት ኪስ ይክተት። ካሜራውም ስልኩም እየቀዱ ሳለ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን የሚያገጣጥመው ባለሙያ ያቺን ጭብጨባ ይዞ ያስተካክላቸዋል። ይህ ግን ዘፈኑ ሳይጀመር ይሁን። እኔ መሀል ላይ አጨብጭቤ ቤቱ በሙሉ ተቀብሎኝ ያውቃል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ያ የሶኒ ካሜራ ዓይኑ ሰፊ፣ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ካኖን ኤችኤፍ አር800 ዓይኑ ከሶኒው ይጠባል፤ ግን የማይክም የጆሮ ማዳመጫም ቀዳዳ አለው። ምረጥ ብትሉኝ ሁለተኛውን ይዤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ጋኑን አስነሥቼም ቢሆን። የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ አትናቁ፤ ማይኩ መጥፋቱን ማታ ቤት ገብቶ ከማወቅ እዚያው መስማት ይሻላል።

ካሜራ ያዦችንም አንድ ነገር ልቆጣ። በዳስ ውስጥ ያን ነጭ መብራት የሽማግሌ ፊት ላይ የምታበሩ ሰዎች፣ ምርቃቱን የምታሳጥሩት እናንተ ናችሁ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቶሎ ይጨርሳል።

ከአሜሪካ ለምትልኩልን ዘመዶች አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ቱቦ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዓይናችን አያየውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካሜራ ግን 60 ላይ የተቃኘ ስለሆነ ያየዋል፤ በምስሉ ላይ መብራቱ እንደ ሰነፍ ኩራዝ ይርገበገባል። ሻተሩን አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ ማድረግ ከተቻለ ይጠፋል። ቀላል የሚባሉት ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ይህን አያስነኩም፤ ስለዚህ የተሻለው ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውን መፈለግ ነው። የዚያው የካኖን ወንድም እዚያ ሌግሪያ ኤችኤፍ አር806 ይባላል።

ላሚቱ ዘንድሮም ወልዳለች። የመጀመሪያው ጥጃ በሬ ሆኖ ያርሳል፣ ክርክሩም እንዳለ ነው።

ስለዚህ አደራ፤ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራውን አገላብጡና ጎኑን እዩ። «ማይክ» የሚል የተጻፈበት ቀዳዳ ከሌለው ለሻጩ መልሱለት።