ለእናት ቀላል፣ ለጽንስ ከባድ የሆነ በሽታ

እናቲቱን ሳያሳምም ያለፈ በሽታ ሁሉ ለጽንሱም ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው ሩቤላ ነው።

በሽታው በቫይረስ የሚመጣና በሳልና በማስነጠስ የሚተላለፍ ነው። መጠነኛ ትኩሳትና ቀላ ያለ ሽፍታ አሳይቶ በሦስት ቀን ገደማ ስለሚጠፋ፣ ብዙዎች «ሙቀት ነው» ብለው ይተውታል። አንዳንዷም መታመሟን አታውቅም። ቫይረሱ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱን ሊይዝ ይችላል። በዚህም ምክንያት ጽንሱ ይጨነግፋል፤ ወይም ሕፃኑ የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግርና የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። አደጋው እጅግ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት፣ ሆድ ገና ሳይገፋ ነው።

ይህን በ1941 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት ኖርማን ግሬግ የተባሉ የአውስትራሊያ የዓይን ሐኪም ናቸው። የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ሲበዙባቸው ስለ እናቶቹ ቢያጣሩ፣ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ በዚሁ በሽታ ተይዘው ነበር።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በሐዋሳ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለእርግዝና ክትትል በመጡ እናቶች ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የሚበዙት ቀደም ሲል በቫይረሱ ተይዘው እንደነበር አሳይቷል። እነዚህ የመከላከል አቅም አግኝተዋል፤ ስጋቱ ቫይረሱ ገና ላልደረሰባቸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጽንሱ በሩቤላ ከተያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባቱም በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ነፍሰ ጡር እናት ትኩሳትና ሽፍታ ካለው ሕመምተኛ ትራቅ፤ በራሷ ላይ ከታየም ሳትውል ሳታድር ለጤና ባለሙያ ታሳይ።

በጊዜ ከታወቁ መከላከያ ያላቸው ቫይረሶችም አሉ። ኤች አይ ቪ በደሟ የተገኘባት እናት መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች፣ ልጇ ከቫይረሱ ነፃ የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ካለባት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን እናት ስትመረመር ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርኩና በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ እኅቶች፣ «ፈረቃዬን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?» አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል፤ የሚጠበቅባችሁ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያም የእርግዝና ክትትል በነፃ ይሰጣል። እንግዲህ ሆድ እስኪገፋ አትጠብቁ፤ የወር አበባ እንደቀረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።