በሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ መስመር ስለ ማስመር

ነጋዴ በአፉ ከሚናገረው ዋጋ ይልቅ በጽሑፍ ያቀረበው ዋጋ ያስጠይቀዋል። የአፍ ቃል በንግግር ሊቃና ይችላል፤ ማኅተም ያረፈበት ፕሮፎርማ ግን ገዢው ዘንድ ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ከሌላው ዕቃ ዋጋ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ከዕለት ተዕለት የንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

የአገራችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ በሚገኝበት በጎሮና በአካባቢው፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሁሉ፣ የዋጋ ማቅረቢያና የዕቃ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ኤክሴል በሚባለው የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ግራጫ መስመሮች ለዓይን መምሪያ ብቻ የተቀመጡ ሲሆኑ፣ በተለይ ካልታዘዙ በቀር በወረቀት ላይ አይታተሙም። በመስኮቱ ላይ በሚገባ ተሰድሮ የታየው ዝርዝር ከማተሚያው ሲወጣ ቁጥሮቹ ያለ አጥር የተበተኑ መስለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በወረቀት ላይ እንዲወጣ የሚፈለገው መስመር ቦርደር ይባላል፤ እርሱንም የሚያሰምረው ሠራተኛው ራሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ መስመር የሚያስፈልጋቸውን ሴሎች መምረጥ፤ ቀጥሎም ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ይዞ 1 ቁጥርን መጫንና በሚከፈተው ሰሌዳ «ቦርደር» የሚለውን ገጽ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያሻል። አስቀድሞ የመስመሩ ዓይነትና ቀለም ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ይነካል። ቦታውን አስቀድሞ የነካ ሰው ቀድሞ በነበረው ዓይነት መስመር ይሰመርበትና ሥራውን መድገም ይኖርበታል። የዙሪያውን መስመር ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዞ 7 ቁጥርን መጫን ይበቃዋል።

የትኛው መስመር የት እንደሚውል የሚወስነው የሒሳብ አያያዝ ልማድ ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኩሴ የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝን በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ካስረዳ ወዲህ ሥርዐቱ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። በዛሬው የሒሳብ ሹሞች ልማድ ከድምር በላይ የሚሰመር ነጠላ መስመር «ከዚህ በላይ ያለው ተደምሯል» ማለት ሲሆን፣ ከጠቅላላው ድምር በታች የሚሰመር ድርብ መስመር «ሒሳቡ ተዘግቷል» ማለት ነው። በአገራችንም የብራና ጸሐፊዎች ፊደል ከመጣላቸው በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጉ ያሰምሩ ነበር። መስመር ለአንባቢ መንገድ መሆኑን እነርሱም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ 20 ጣሳ ቀለም በ1,500 ብር፣ 10 ካርቶን ምስማር በ2,000 ብር፣ 50 ቧንቧ በ600 ብር ነጠላ ዋጋ ያቀርባል እንበል። የየዕቃው ድምር 30,000፣ 20,000 እና 30,000 ብር ይሆናል። ከሦስተኛው ቁጥር በታች ነጠላ መስመር ተሰምሮ 80,000 ብር ይጻፋል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ 12,000 ብር ይከተላል፤ ከዚያም ሌላ ነጠላ መስመር፣ ቀጥሎ 92,000 ብር፣ በስተመጨረሻም ድርብ መስመር ይሆናል። እንዲህ የተሰመረውን ወረቀት የሚያነብ ገዢ ታክሱ የተጨመረበትን ዋጋ ካልተጨመረበት ለይቶ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሁሉም ሴል በወፍራም ጥቁር መስመር የታጠረ እንደ ሆነ ግን ድምሩ ከዝርዝሩ አይለይም፤ የመስመር መብዛትም እንደ መስመር ማነስ ያደናግራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይጨመሩ። አንደኛ፣ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ወይም በዋጋ ቅደም ተከተል ሲደረደር ቁጥሮቹ ቦታ ሲለውጡ መስመሮቹ ግን በነበሩበት ይቀራሉ፤ ስለዚህ መስመር የሚሰመረው ድርደራው ካለቀ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ የሚያልፍ ከሆነ የዓምዶቹ ርእስ በየገጹ እንዲደገም ይታዘዝ፤ ከመላኩም በፊት ኮንትሮልና ፒ ተጭኖ የሚታተመው ገጽ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን መስመር ሒሳብን እንደማይመረምር ማስታወስ ይገባል። ስሕተት ባለበት ድምር ሥር የተሰመረ ድርብ መስመር ስሕተቱን እውነት ያስመስለዋል እንጂ አያርመውም፤ አንባቢው የተዘጋ ሒሳብ መስሎት ሳይመረምር ያልፈዋልና። በተለይም በዝርዝሩ መጨረሻ ዘግይቶ የገባ ዕቃ በድምሩ ውስጥ መቈጠሩ ሊረጋገጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ፣ ባለሱቅም ሆነ አከፋፋይ፣ ድምሩን ዳግመኛ ሳይመረምር ድርብ መስመሩን እንዳያሰምር እናሳስባለን።