ከግቢ በር ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሥራው ምንድን ነው?



ጁሙዓ ጁሙዓ ከግቢ ወጥተን ወደ መስጂድ ስንሻገር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መኪናው አይቆምም፣ እኛም ኹጥባ እንዳያመልጠን እንሮጣለን። አንዳንዱ ሾፌሩን ይወቅሳል፣ አንዳንዱ እግረኛውን። ምህንድስና የምንማረው ደግሞ አስቀድመን የመንገዱን ሥራ እንጠይቃለን።

መንገድ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማሳለፍ ነው፤ ከሩቅ መጥቶ ሩቅ የሚሄደውን ሳያስቆሙ መሸኘት። ሌላው ማድረስ ነው፤ ሰውን እስከ ቤቱ፣ እስከ ሱቁ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር። ሁለቱ ይጋፋሉ። በዳር ያለው በር፣ መገንጠያና ፌርማታ በበዛ ቁጥር አላፊው ይዘገያል፤ አላፊው በፈጠነ ቁጥር በር ላይ ያለው ሰው ለአደጋ ይጋለጣል። የከተማ ትራንስፖርት ፕላን መንገዶችን በእርከን የሚመድበው በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማችን በአዲስ አበባ ፕላን እርከኖቹ አራት ናቸው፦ ዋና አርቴሪያል፣ ንዑስ አርቴሪያል፣ ኮሌክተርና የውስጥ ለውስጥ መንገድ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ያሳልፋል፣ የመጨረሻው በአብዛኛው ያደርሳል። ኮሌክተር እንደ ስሙ ሰብሳቢ ነው፤ ከሰፈር የወጣውን ሰብስቦ ወደ ትልቁ ያቀብላል። ከመንደር በር በቀጥታ ወደ አርቴሪያል መውጣት፣ ደረጃ ሳይረግጡ ከፎቅ እንደመዝለል ነው።

ቀለበት መንገድን ያየ ሐሳቡ ይገባዋል። መሃሉ ለፈጣን አላፊ ነው፣ በብዙ ቦታ ጎንና ጎኑ ለአካባቢው ተጠቃሚ የተተወ መንገድ አለ፣ እግረኛው ደግሞ በድልድይ ይሻገራል። ሆኖም ድልድዩ ሲርቅ ሰው አጥር ዘሎ ያቋርጣል። ይህን የዲሲፕሊን ጉድለት ብቻ ማለት አይመስለንም፤ የበዛው ነዋሪ በእግሩ በሚሄድበት ከተማ ረጅም ዙሪያ ማስዞር የፕላኑም ድክመት ነው።

መድረሳ ፊቅህ የቀራን ሰዎች ይህ አከፋፈል ጨርሶ እንግዳ አይሆንብንም። በሻፊዒይ ፊቅህ፣ በሱልሕ ባብ፣ መንገድ ናፊዝና ናፊዝ ያልሆነ ተብሎ ይለያል። ናፊዝ ማለት ወዲያ ማዶ የሚያሳልፍ ነው፤ የሁሉም ስለሆነ አላፊን የሚጎዳ ነገር ማንም አይሠራበትም። ጫፉ የተዘጋው ግን በውስጡ በር ላላቸው ሰዎች ነው፤ ሌላው ያለ ፈቃዳቸው በር አይከፍትበትም። የፊቅሁ ጥያቄ የማን ሐቅ ነው የሚል በመሆኑ ከምህንድስናው ጋር አንድ ነው አንልም። ሆኖም ማለፍንና መድረስን መለየቱ ያገናኛቸዋል።

ወደ በራችን እንመለስ። ያ መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ሾፌር ሲያየው እግሩ ነዳጅ ላይ ይከብዳል። በዳሩ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ካፌ፣ የታክሲ ሰልፍና የእኛ በር አለ። በፍጥነቱ አርቴሪያል፣ በኑሮው ኮሌክተር ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድል 4.5 እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው!

መፍትሔው ወይ በሮቹን ወደ ጎን መንገድ ማዞር ነው፣ ወይ አላፊውን ማዘግየት። የመጀመሪያው ውድ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራና ጠበብ ያለ መሻገሪያ ይሠራዋል። ለመጠየቅ ቁጥር ያስፈልጋል። ስለዚህ ኢንሻአላህ በመጪው ጁሙዓ ከሶላት በፊትና በኋላ የሚሻገረውን ሰው በየአሥር ደቂቃው እንቆጥራለን። መሳተፍ የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት እስክርቢቶና ወረቀት ይዞ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ያግኘን።