የውርጭ አገር ዝይ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሱሉልታ ሜዳ፣ ላሞች ከሚግጡበት ጨፌ ዳር፣ አንገቱን ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ቀስ እያለ የሚራመድ አመድማ ወፍ ካያችሁ ቆም በሉ። ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት አገር የለም።

ቆሞ ሲታይ ሰማያዊ ነገር የለውም። ራሱና አንገቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ጀርባው ቡኒ፣ ደረቱ ነጣ ነጣ ባሉ ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ነው። ምንቃሩ አጭርና ጥቁር ነው፤ እግሩም እንዲሁ። ሲነሣ ግን ክንፉ ላይ ሰፊ ፈዛዛ ሰማያዊ ቦግ ይላል፤ ከኋላው ደግሞ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ይከተላል። ይህን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መብረርም መዋኘትም እያወቀ በእግሩ መሄድን ይመርጣልና።

በብዛት የሚኖረው ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ረግረጎች፣ ሐይቆችና የወንዝ ዳር ሣሮች ነው። በባሌ ተራሮች እስከ ሳነቴ አምባ፣ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ይዘልቃል። በዚያ ጅባራ በበቀለበት ምድር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ወፉ ግን ጋቢ እንደደረበ ባላገር በወፍራም ለስላሳ ላባው ብርዱን ይችለዋል።

ምግቡ በዋናነት ሣር ነው፤ ትልና ቀንድ አውጣም ያክልበታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ይታያል። ወንዱ ሴቷን ሲያባብል ራሱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አጥፎ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ሰማያዊ ክንፉን እያሳየ በዙሪያዋ ይንጎራደዳል፤ ድምፁም ለስላሳ ፉጨት ነው። ከደጋ ወፎች ልማድ ሁሉ እኔን እንዲህ የሚያስደስተኝ የለም። ሴቷ መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ጎጆዋን ሠርታ እንቁላሏን ብቻዋን ትታቀፋለች።

በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ የዝይ ሥጋ ስለማይበላ ገበሬው እምብዛም አያድነውም፤ ከሰው አጠገብ ሳይደናገጥ የሚግጠውም ለዚህ ይመስለኛል። የሚያሰጋው የጨፌው ነገር ነው። ረግረጉ ሲጠነፈፍና ሲታረስ የሚግጥበት ሣር ይጠፋል፤ ከብት ሲበዛበትም መሬት ላይ ያለው ጎጆ ይረገጣል።

ሱሉልታ ካልተመቻችሁ ገፈርሳ ግድብ ወይም የደብረ ብርሃን አካባቢ ሂዱ። መነጽር ያዙ፤ ውሻ ግን አታስከትሉ።