የቼክ ቢራ፦ የተበተነው ስምና የተጠበቀው ስም

በቼክ ሪፐብሊክ ለሚዘዋወር እንግዳ ከሚቀርቡ ባሕላዊ ምግቦች አንዱ «ስቪችኮቫ» ነው። የበሬ ሥጋው በአትክልትና በክሬም ስጎ ተዘጋጅቶ፣ ተቀቅሎ ከተቆራረጠ የስንዴ ሊጥ ጋር ይበላል። ከማዕዱም ቢራ አይታጣም።

የቢራው ምሬትና መዓዛ የሚገኘው ሆፕስ ከተባለ ተክል ነው። አገልግሎቱ ጌሾ ለጠላ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል፤ ከጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ ሲወሰድ፣ ከሆፕስ የሚፈለገው ግን የሴቴው ተክል አበባ ነው። የዣቴትስ አካባቢ አርሶ አደሮች ሐረጉን 7 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሽቦ ላይ ያሳድጋሉ፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላም አበባውን ሰብስበው ወዲያው ያደርቁታል።

በፕልዘን ከተማ እ.ኤ.አ በ1842 የተጠመቀው ወርቃማ ቢራ «ፒልስነር» የሚለውን ስም ከከተማዋ አገኘ። ስሙ ግን የከተማዋ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። የዣቴትስ ሆፕስ በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ2007 በአውሮፓ ኅብረት የመነሻ ስም ጥበቃ አግኝቷል፤ በሌላ ቦታ የበቀለ ሆፕስ በኅብረቱ ገበያ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ በ2023 ከተማዋንና የሆፕስ ማሳዎቿን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የስም ጥበቃው ጥቅም ለአርሶ አደሩ ነው፤ ምርቱ ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅና በበቀለበት አካባቢ ስም እንዲሸጥ ያስችለዋል።