በኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ምን ትይዛላችሁ?

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሸዋ ሮቢት ላይ ነበርን። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚያመላልስባት፣ በባንክ ብድር የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ጠዋት አልነሳም አለች። ማታ ስናቆማት ስክሪኗ ላይ 58 በመቶ ቻርጅ ነበራት። ጠዋት ግን ሪሞቱ አይሠራ፣ ስክሪኑ ጨለማ። አጎቴ በማግስቱ ሥራ ካልገባ የወሩ የብድር ክፍያ ይጎድልበታል። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ከጎናችን የቆመ የባጃጅ ሹፌር መጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ባትሪዋ ነው የሞተው» አለ። አጎቴ ተናደደ፤ «58 ነው የምልህ!» ልጁ ግን ትክክል ነበር። የሞተው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ትንሹ፣ ባለ 12 ቮልቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ባትሪ መኪናዋ ስትጠፋ ከሌላው ክፍል ተለይቶ ይዘጋል። ጠዋት እሱን የሚከፍተው ማብሪያ የሚሠራው በትንሹ ባትሪ ጉልበት ነው። ትንሹ ካለቀ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም በር እንደተቆለፈበት ጎተራ ነው። እኛ ደግሞ ማታ የውስጥ መብራቱን አብርተን ትተነው ነበር። ልጁ ሁለት ገመድ ፈልጎ አመጣ፣ ከባጃጁ ባትሪ አገናኘን፣ መኪናዋ ነቃች። አንዴ ከነቃች ትልቁ ባትሪ ትንሹን እየሞላ ይሄዳል። የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ነዋ!

ይህን የምጽፈው ነገ እናንተም ስለምትገቡበት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት የኤሌክትሪክ መኪና እየሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ብዙ አያሳስብም፤ ስልክ ትደውላላችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ይመጣል። ከጣርማ በር በታች ግን ጋራዡ የሚያውቀው አይሱዙና ባጃጅ ነው። ሽንኩርትና ማሾ ለሚጭን ገበያ ያንን ማወቁ ልክ ነው፤ እኛ ነን አዲስ ነገር ይዘን የሄድነው። በኤሌክትሪክ ጀልባ ሐይቅ መሃል የሚገባ ሰው መለዋወጫውን ራሱ ይዞ ይገባል፤ ውኃ ላይ ሱቅ የለማ። ይፋት ቆላ ለኤሌክትሪክ መኪና ለጊዜው እንደዚያ ሐይቅ ነው።

መንገዱንም እናስላው። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ባትሪውን ይሞላል፤ ደስ ይላል። ስትመለሱ ግን ዕዳው ይከፈላል። ከነተሳፋሪዋ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። የአጎቴ መኪና ባትሪ 38 ነው፤ ወደ አንድ አምስተኛው ዳገቱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ደብረ ብርሃን አድራችሁ ቻርጅ ካደረጋችሁ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ ያኔ ቁልቁለቱን የሚይዘው የእግር ፍሬኑ ብቻ ይሆናል።

እሺ፣ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ ቻርጀርና ወፍራም ኤክስቴንሽን። በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ እንኳ በአንድ ሌሊት የዳገቱን ዋጋ ከነትርፉ ይመልሳል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ይግላል፤ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ላይ ብዙ ቻርጀሮች አንሠራም ይላሉ፤ ስለዚህ ከማደራችሁ በፊት ሶኬቱን ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ አዳፕተር። ከቻይና ገበያ የመጣ መኪና መሰኪያው ጂቢቲ ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ ሁለት ይባላል። አይገጥሙም። የፈጣኑና የዝግተኛው ቻርጅ መሰኪያም ይለያያል፤ ስትገዙ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ ባለ 10 ቁጥር ቺያቬ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ጥቂት ፊውዞች። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀውን የብረት ቁልፍም ቀድማችሁ ሞክሩት።

አራተኛ፣ ጎማ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች እስኮርታ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። ቦታ ካላችሁ እስኮርታና ክሪክ፣ ከሌላችሁ የጎማ መድፈኛና በ12 ቮልት የሚሠራ መንፊያ ያዙ።

አምስተኛ፣ ስልካችሁ ውስጥ የመኪናዋ መመሪያ። ብዙዎቹ በቻይንኛ ስለሆኑ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ቤት ሆናችሁ አስተርጉሙና ፎቶውን አስቀምጡ። ኔትወርክ ሲጠፋ መፈለግ አይቻልም።

የማይነካውም አለ። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ይገድላል። እንዲሁም የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ በገመድ አታስጎትቱ፤ ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። የሚሻለው መኪና ላይ መጫን ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁላችንም ይህን ሁሉ ይዘን መዞራችን ውድ ነው፤ አብዛኛው ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ኮፈን ውስጥ ይተኛል። ሮቢት ላይ አንድ ጎሚስታ ወይም ፔንሲዮን አንድ አዳፕተር፣ አንድ ገመድና የመሬት መስመር ያለው ሶኬት አስቀምጦ ቢያከራይ እሱም ያተርፋል፣ መንገደኛውም ይድናል። ቀድሞ የጀመረው ሰው ደንበኛውን ይይዛል። እስከዚያ ግን በዚያ መንገድ መሽቶበት መቆም የሚፈልግ የለም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፣ ዕቃችሁን ያዙ።

የባጃጁን ልጅ አጎቴ ገንዘብ ሊሰጠው ሲል አልቀበልም አለ። ይልቅ መኪናዋን እየዞረ አያት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና «ጋሼ፣ እነዚህ ሲበዙ የት ነው የምንማረው?» ሲል ጠየቀ። አጎቴም እኔም መልስ አልነበረንም።