የቀድሞውን ሳይጥሉ ማደስ

በአማኑኤል ገበያ እህል የሚነግድ ሰው አዲስ ሚዛን ቢገዛ፣ ትክክለኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የቀድሞውን አይጥለውም። የሒሳብ መዝገብ ለሚያዝበት ኮምፒዩተርም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ፕሮግራሞችን ከመሣሪያው አካላት ጋር የሚያገናኘው የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ከርነል ይባላል። በዚህ ክፍል ስሕተት ቢገባ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በከርነል ውስጥ ለሚሠራው የጥበቃ ፕሮግራሙ የላከው የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አሰናከለ። ፋይሉ በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢነሣም፣ ከቆሙት ብዙዎቹ አንድ በአንድ በእጅ መጠገን ነበረባቸው።

በአገራችንም በዚያው ዓመት መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በጥገናና በፍተሻ ወቅት በደረሰው ችግር፣ ደንበኞች ከተቀማጫቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተቋረጠ።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት አዲሱ ከርነል ሲገባ የቀድሞው ወዲያው አይሰረዝም። አዲሱ ቢያስቸግር፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚቀርበው ዝርዝር የቀድሞውን መርጦ ሥራን መቀጠል ይቻላል።

ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ከማደሱ በፊት የሒሳቡን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያኑር፤ እድሳቱንም በገበያ ቀን አያድርግ።